ጽሑፌ የት ሄደ? ኮምፒውተር አዲስ ለገባበት ቤት

ባለፈው ኅዳር ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ ደንቡ ጠፋብኝ።»

«የቱ ደንብ ጋሼ?»

«የእድሩ ነዋ! አራት ገጽ ስጽፍ አምሽቼ፣ መብራት ሄዶ መጣ። ብከፍተው ባዶ ነው። የት ሄደ?»

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ማታ ያለ ጋቢ የሚወጣ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ቤታቸው ስደርስ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ዴስክቶፕ ፊት ተቀምጠዋል። የሰው ዕቃ ሰብሮ እንደተያዘ ልጅ እጃቸውን አጣጥፈው ስክሪኑን ያያሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድም ቁልፍ አልነኩም። «እንዳላባብሰው ብዬ» አሉኝ።

እኔ በኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው ይዞብኝ የሚመጣው ችግር ሁሉ ሲጨመቅ የጋሼ ጥያቄ ይሆናል። ጽሑፌ የት ሄደ? ሜጋባይቴ የት ገባ? አካውንቴን ማን ወሰደው? ኮምፒውተር አዲስ የሆነበት ሰው የሚቸገረው ባብዛኛው የእንግሊዝኛ ቃል ስለበዛበት አይደለም። ዕቃው የት እንደተቀመጠ ስለማያይ ነው። ወረቀት ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ከሆነ ኪስ ውስጥ ነው። ፋይልስ? እስቲ የጋሼን ደንብ ተከትለን እንሂድ።

ምጣድና መሶብ

ኮምፒውተር ሁለት ማስቀመጫ አለው። አንዱ ራም ይባላል። ሌላው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ኤስኤስዲ።

ለጋሼ ያስረዳኋቸው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ራም ምጣዱ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እሱ ላይ ነው። ዲስኩ መሶቡ ነው። መብራት ሲሄድ ምጣዱ ላይ ያለው ሊጥ ይበላሻል። መሶብ የገባው እንጀራ ግን ምንም አይሆንም። ስትጽፉ ፊደሎቹ ያሉት ምጣዱ ላይ ነው። ሴቭ ማድረግ ማለት እንጀራውን አውጥቶ መሶብ መክተት ነው። ጋሼ አራት ገጽ ጋግረው አንዱንም አላወጡም ነበር።

ባለቤታቸው ከጓዳ ይሰሙን ኖሯል። «ሲጋግሩ አይቼ አላውቅም እኮ!» አሉ። ሳቅን፤ ጋሼም ዘና አሉ።

ደግነቱ ዎርድ፣ ጋሼ የጻፉበት ፕሮግራም፣ ራሱ ትንሽ አርቆ አሳቢ ነው። ካልቀየራችሁት በቀር በየ10 ደቂቃው የምትጽፉትን በስውር ቀድቶ ያስቀምጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ በግራ በኩል «ዶክመንት ሪከቨሪ» የምትል ሳጥን የምትመጣው ለዚህ ነው። ጋሼ ማስታወቂያ መስላቸው ዘግተዋታል። እንዲህ ያደረገ ሰው አንድ በር ይቀረዋል። ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ኢንፎ ይላል፣ ማኔጅ ዶክመንት የሚለውን ይጫናል፣ ከዚያ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ» የሚለውን ይመርጣል። ሁልጊዜ አይገኝም። ለጋሼ ግን ሦስት ገጽ ከግማሽ ተገኘ። የጠፋችው ስለ ቅጣት የምታወራዋ አንቀጽ ናት። «እሷ ብትጠፋ አባላቱ ደስ ይላቸዋል» አሉ።

እንግዲህ ልማድ አድርጉት። ባዶ ገጽ ስትከፍቱ፣ አንድ ቃል ሳትጽፉ፣ መጀመሪያ ሴቭ አድርጉ። ስም ስጡት። «ዶክመንት 1» ስም አይደለም፤ «የእድር ደንብ 2018» ስም ነው። ሴቭ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ የት ልክተተው ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳያነብ ነው እሺ የሚለው። ቆም ብላችሁ እዩት። ዴስክቶፕ ነው? ዶክመንትስ ነው? ወይስ የሰካችሁት ፍላሽ? ከዚያ በኋላ በየአንቀጹ ኮንትሮልን ይዞ ኤስን መጫን ነው። እኔ እጄ ስለለመደ አሁን አሁን ስልክ ላይ ስጽፍ እንኳ ኮንትሮል ኤስ ያምረኛል።

ይቺ የምጣድና የመሶብ ነገር ዕቃ ስትገዙም ትጠቅማለች። ሻጭ «ሜሞሪው 500 ጊጋ ነው» ካለ የሚያወራው ስለ መሶቡ ነው። «8 ጊጋ ራም» ካለ ስለ ምጣዱ ነው። መሶቡ ስለሰፋ ምጣዱ አይፈጥንም። ኮምፒውተር የሚንቀራፈፍባችሁ ብዙ ጊዜ ምጣዱ ስለጠበበ ነው፤ ወይም ደግሞ መሶቡ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ነው። እሱን በኤስኤስዲ ያስቀየረ ሰው አዲስ ዕቃ የገዛ ያህል ይሰማዋል። እኔ ለቤት የሚሆን ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃሃል እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው።

ዩዝድ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጨምራችሁ እዩ፤ ጄኔሬሽኑን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድጋፍ ማለት ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚላከው ማደፈኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ኮር አይ 5 የሚለው የፕሮሰሰር ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 6200 ከሆነ 6ኛ ነው፣ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ነው። «ግድ የለም፣ 11ን ጭነንበታል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። በዘዴ መጫኑ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን ዋስትና አይሰጥም። ዋጋው ላይ መከራከሪያ ትሁናችሁ።

አሁን ወደ መብራቱ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደባት ብለው ደብረ ብርሃን ባሏት ከተማ ተቀምጦ ስለ መብራት መጥፋት መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ይጻፍ።

መብራት ሲሄድ ጽሑፋችሁ ይጎዳል። ሲመጣ ደግሞ ዕቃችሁ። ቤታችን የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት ነው ይባላል፤ በተመለሰባት ቅጽበት ግን ከዚያ ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ይረጋ። በክረምት መብረቅ ሲበዛም እንደዚያው ነው፤ ያኔ የኢንተርኔቱን ገመድም አብራችሁ ንቀሉ።

ዕቃ ቤት ገብታችሁ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አንድ ናቸው ብትባሉ አትመኑ። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ኃይል ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ውስጡ ባትሪ አለው። ባትሪው የሚሰጣችሁ ደቂቃዎች ነው። ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እንድታጠፉበት ነው እንጂ ፊልም እንድትጨርሱበት አይደለም። ላፕቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤሱ ሆዱ ውስጥ ስላለ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ደግሞ ምጣዱን አትርሱ፤ አሁን የማወራው ስለ እውነተኛው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የቤት ዴስክቶፕ 200 ዋት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችኋል? ኮምፒውተሩም ያኔ እንደ አምፖሉ ነው የሚሆነው። በአንድ ዲቫይደር ላይ ሁለቱን አትሰኩ። የእንጀራ ቀን ከሆነ ቅድሚያው ለእንጀራ ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ቃል። ውርጭ ሲመታው ያደረ ላፕቶፕ ከሰል ወደተያያዘበት ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ያውቀዋል። ያ እርጥበት ውስጥም ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነቦርሳው ተዉት፣ ከዚያ አብሩት። ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት የምትኖሩ ደግሞ ችግራችሁ ግልባጩ ነው፤ ሙቀትና አቧራ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ መተንፈሻው ይታፈናል። ብርድ ልብስ የሚያመርት ከተማ ውስጥ ሆኜ ይህን ማለቴ ለእኛም ነው።

ፍላሹ ከቤት ሲወጣ

ጋሼ ደንቡን ጨርሰው በፍላሽ ይዘው ወጡ። እኛ ጋ ወረፋ ስለነበር ሌላ ቤት ሄደው አሳተሙ። ማታ ቤታቸው ሲሰኩት ፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች ሁሉ ግራ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል።

ይቺን ቀስት በደንብ ተመልከቷት። ቀስት ያላት ምስል ዕቃው አይደለችም፤ ወደ ዕቃው የምትጠቁም ምልክት ናት። ሾርትከት ትባላለች። ዴስክቶፕ ላይ ስትሆን ጤነኛ ናት። ፍላሽ ላይ፣ እናንተ ሳትሠሯት በቅላ ከተገኘች ግን ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቀዋል። በቦታው በዚያው ስም ቀስት ያላት ምስል ይተካል። እናንተ ደንቡን እከፍታለሁ ብላችሁ ሁለቴ ስትጫኑ መጀመሪያ የምትቀሰቅሱት ቫይረሱን ነው። ከዚያ ደንቡንም ይከፍትላችኋል፤ ምንም እንዳልሆነ እንድታስቡ። ቫይረሱ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ይገባና ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል።

እንዴት ይታወቃል? ምስሏን በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ስትሉ መጠኗ አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። የፍላሹ ጠቅላላ የተያዘ ቦታ ግን አልቀነሰም። ዕቃው እዚያው አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ፎርማት አድርገው» የሚል ምክር ስሰማ የሚያመኝ። ፎርማት ማድረግ አይጥ ገባ ብሎ ጎተራውን ማቃጠል ነው።

መጀመሪያ ቀስት ያላቸውን አትክፈቱ። ከዚያ በጸረ ቫይረስ አስፈትሹ። ዊንዶውስ ላይ ዲፌንደር የሚባለው አብሮ በነፃ ይመጣል፤ ለቤት ይበቃል። ቀጥሎ ፍላሹ በሚታይበት መስኮት ላይ ቪው የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። የተደበቁት ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ተንኮሉ ይብሳል፤ ፋይላችሁን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ይደብቀዋል። ያኔ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት ያስፈልጋል። ጽሑፋችሁንና ፎቶዋችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ። ቀስት ያላቸውንና ስማቸውን የማታውቋቸውን ተዉ። ፎርማት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከቤት የሚወጣው ፍላሽ ቅጂ ይሁን፤ ዋናው ቤት ይቅር። ሌላ ቅጂ ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ብትልኩት ደግሞ ቤቱ ቢዘረፍ እንኳ አይጠፋም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። የእድር ደንብ እዚያ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ ነው። በርካሽ የሚሸጡትን «2 ቴራ» (ሁለት ሺህ ጊጋ ያህል) ፍላሾች ግን እለፏቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ ብለው እንዲዋሹ የተሠሩ ናቸው። የምትጭኑባቸውን ተቀብለው ይውጡታል፤ ስትፈልጉት አይሰጧችሁም።

ጋሼ ሌላም አቤቱታ ነበራቸው። የቀድሞው ጸሐፊ ትተውት የሄዱት የድሮ ደንብ በፋይል አለ፤ ሲከፈት ግን አንድም አማርኛ የለበትም። የላቲን ፊደልና የቅንፍ መዓት ነው። ቫይረስ ነው ብለው ደምድመዋል።

ቫይረስ አይደለም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ፊደል እዚያ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፣ ሁ 4609 ናት። ለ 4616፣ ሐ 4624። በስምንት በስምንት ነው የሚሄደው፤ ሰባቱ ቤት ከነትራፊው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ግን የራሳቸው ቁጥር ስላልነበራቸው የላቲኖቹን ቁጥር ተውሰው፣ በላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ይሥሉበት ነበር። ያ የፊደል መልክ (ፎንት ይባላል) ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሀ ይታያል። የሌለበት ላይ ከሥር ያለው የላቲን ፊደል ፊቱን ያወጣል። ስለዚህ ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ልብሱን ነው ያወለቀው። የድሮውን ፎንት ፈልጎ መጫን ነው፤ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚገለብጥ ፕሮግራም ማለፍ ነው። በፊደል ምትክ ባዶ አራት ማዕዘን ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የአማርኛ ፎንት ነው የጠፋው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እንደ ኒያላ ያለ የአማርኛ ፎንት አብሮ ስለሚመጣ ይኼኛው ችግር ቀንሷል።

ለሰው የምትልኩትን ወይም ለኅትመት የምትወስዱትን ጽሑፍ ፒዲኤፍ አድርጉት። ሴቭ አዝ ብላችሁ ከዝርዝሩ ፒዲኤፍን መምረጥ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን ብዙ ጊዜ አብሮ ይዞ ይሄዳል። የጋሼ አራት ገጽ ደንብ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አምስት ገጽ ሆኖ፣ የማኅተሙ ቦታ ብቻውን አምስተኛው ገጽ ላይ የወደቀው በዎርድ ስለወሰዱት ነው።

ሜጋባይቱን ማን በላው?

ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ያለችው ገመድ አልባ ገመድ ናት። ኢንተርኔቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ምልክቱ ሞልቶ ገጹ እንቢ ሲላችሁ የቤቷ ገመድ ደህና ናት፤ የተቆረጠው ከውጭ ነው። ስልካችሁን በዚያው ዋይፋይ ሞክሩት። እሱም እንቢ ካለ ኮምፒውተሩን አትውቀሱት።

ፍጥነቱ የሚነገረው በሜጋቢት ነው። የፋይል መጠን ደግሞ በሜጋባይት። ስማቸው መንታ ስለሚመስል ሰው ይሸወዳል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። «4 ሜጋ» መስመር አስገብታችሁ ከሆነ በሰከንድ የሚመጣላችሁ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት ፊልም ለማውረድ 1,400 ሰከንድ ይፈጃል፤ 23 ደቂቃ አካባቢ። ይህም መስመሩ ሙሉ ኃይሉን ከሰጠ ነው። ልጁም ጎን ሆኖ ቲክቶክ ካየ አብራችሁ ትካፈላላችሁ።

በጥቅል ለምትጠቀሙ ሰዎች ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ ለአንድ ሰዓት ስታዩ 3,600 ሜጋቢት ሄደ፤ ለስምንት ስታካፍሉት 450 ሜጋባይት ነው። ይህ እንግዲህ መካከለኛ ጥራት ያለው ነው። ጥራቱን ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር በእጥፍ በእጥፍ ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ የጥርስ ቅርጽ ያላትን ጎማ ተጭናችሁ ወደ 360 ብታወርዱት ለዜና በቂ ነው። የጋዜጠኛውን ክራባት ቁልጭ አድርጎ ማየት ለምን ያስፈልጋል?

ቪዲዮ ሳያዩ የሚያልቅባቸው ሰዎች አሉ። ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሰውየው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን ያገናኛል፤ አንድ ኢሜይል ይልካል፤ ሁለት ጊጋው የለም። «በሉብኝ» ይላል። ስልኩ ዳታው እንደሚቆጠር ያውቃል፤ ላፕቶፑ ግን አያውቅም። እሱ ያየው ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ ደግሞ በነፃ የተትረፈረፈ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ የዊንዶውስ አፕዴቱን፣ የፕሮግራሞቹን ማሻሻያ፣ ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) የሚጭነውን ፎቶ ሁሉ በአንዴ ይለቀዋል።

መላው አንዲት ምልክት ናት። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ የተገናኛችሁበት ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚል አለ። አብሩት። ላፕቶፑን «ይሄ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ነው» እንዳላችሁት ነው። ትልልቁን ነገር ሳይጠይቅ አያወርድም። እዚያው አካባቢ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ደግሞ የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ በስም ይዘረዝርላችኋል፤ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት እዩት። አፕዴቱን ለዘላለም ዘግታችሁ ግን አትቀመጡ። ማደፈኛው በእሱ ነው የሚመጣው። የማይቆጠር ዋይፋይ ስታገኙ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ፣ በወር አንዴ ልቀቁት።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ ልናገር። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ኢሜይሉን የሚያወጣው እንደ እኛ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። ለሥራ ማመልከት ይመጣል፤ ኢሜይል ይጠየቃል፤ የለውም። ወረፋው ረጅም ነው። የቤቱ ልጅ ፈጠን ብሎ ይከፍትለታል። ፓስዎርዱን ልጁ ራሱ ይመርጣል፤ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው። ለማረጋገጫ የሚገባው ስልክም አንዳንዴ የልጁ ነው። ደንበኛው 50 ብር ከፍሎ ይሄዳል። ያ ኢሜይል የማን ነው? ስሙ የደንበኛው ነው፤ ቁልፉ ሱቅ ውስጥ ነው። እኔም ሥራ ስጀምር እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ጥድፊያ ነው። ከዓመት በኋላ ሰውየው ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ኢሜይሉን መክፈት ሲያቅተው ሳይ ነው የገባኝ።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ካላችሁ ዛሬ ግቡና ፓስዎርዱን ቀይሩ፣ ሪከቨሪ ስልክ የሚለው ላይ የራሳችሁን አስገቡ። ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፍታችሁ ከነበረ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን እዩ። የማታውቁት ኮምፒውተር በዝርዝሩ ውስጥ ካለ አስወጡት። ፋይዳችሁን ወይም ዲግሪያችሁን ልታሳትሙ ከላካችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት «ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን አጥፋልኝ» በሉ። ልጁ አይቀየምም። ቢቀየምም ይቀየም።

ሌላው ቁልፍ በጽሑፍ የሚመጣው ኮድ ነው። ጋሼ አንድ ቀን መልእክት ደረሳቸው። ከእህታቸው ልጅ ቴሌግራም ነው የመጣው። «አጎቴ፣ ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ እዚህ ገብተህ ድምፅ ስጥልኝ» ይላል። ሲገቡ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥራቸውን ሲያስገቡ ወዲያው አምስት አሃዝ ኮድ መጣ። ገጹ «ድምፅዎን ለማረጋገጥ ኮዱን ያስገቡ» ይላል።

ምን እየተደረገ ነው? ሌባው በዚያች ቅጽበት የራሱ ኮምፒውተር ላይ በጋሼ ቁጥር ቴሌግራም ለመክፈት ሞክሯል። ቴሌግራም ደግሞ ባለቤቱ መሆኑን ለማወቅ ኮዱን ለጋሼ ላከ። ስለዚህ ኮዱ ራሱ እውነተኛ ነው፤ የላከውም ቴሌግራም ራሱ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ውሸቱ ኮዱ የሚጻፍበት ገጽ ነው። የእህታቸው ልጅም መልእክቱን አልላከም። የእሱም አካውንት በዚሁ መንገድ ነው የተወሰደው።

ጋሼን ያዳናቸው መልእክቱ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት። «የእህቴ ልጅ አንተ ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ። ደውለው ጠየቁት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አካውንቱን እያሳደደ ኖሯል። ሌባው ሁልጊዜ እንዲህ በአንቱታ አይሳሳትም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ። ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ኮዷ በስሕተት ብትወጣ እንኳ ሌባው ያለ ሁለተኛው ፓስዎርድ አይገባም። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚለውም ዜማው ይሄው ነው። ባንኩ ኮዱን የላከው እናንተ እንድትጽፉት ነው። እንድትነግሩት ቢፈልግ ለምን ይልክላችኋል? እሱ ጋ አለ አይደል?

ስለ ፓስዎርዱ ብዙ ተረት ይወራል። ርዝመቱ ነው ዋናው። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት ለሌባ የመጀመሪያ ግምት ናቸው። ዝምድና የሌላቸውን አራት ቃላት ብትገጣጥሙ፣ ለእናንተ የሚታወስ፣ ለሌላው የማይገመት ይሆናል። ለኢሜይል የሚሆነው ግን ለሌላ ለምንም አይሁን፤ የሌሎቹን ሁሉ ፓስዎርድ ማስቀየር የሚቻለው በኢሜይሉ ነውና።

«ወረቀት ላይ አትጻፉ» የሚለው የቢሮ ምክር ነው። ቤት ውስጥ ግን፣ በተለይ ዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ደብተር መጥፎ አይደለም። ከሌላ አገር ሆኖ የሚሞክር ሌባ የእናንተን መሳቢያ መክፈት አይችልም። ስክሪኑ ላይ ካልለጠፋችሁት በቀር።

ጋሼ አሁን ደብተር አላቸው። ግራው ገጽ ላይ አካውንቱ፣ ቀኙ ላይ ፓስዎርዱ፣ ከሥሩ የተቀየረበት ቀን። የመምህር እጅ ጽሕፈት ስለሆነ ያምራል። አንድ ቀን የኢሜይላቸው ፓስዎርድ ጠፍቷቸው ሲጠሩኝ «ደብተሩን ያምጡት እንጂ» አልኳቸው።

«አንተ ፊትህን አዙር» አሉኝ። ወደ ጓዳ ገብተው ይዘውት መጡ። የት እንደሚያስቀምጡት ባለቤታቸውም አያውቁም።